አምስት ሳጥን፣ ስድስት ልጆች

ባለፈው ሳምንት አንድ የሰፈር ልጅ አራት ኪሎ ያለችው ቢሮዬ መጣ። 17 ዓመቱ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ፐብጂ ሞባይል የሚባል የስልክ ጌም በቡድን፣ እነሱ እንደሚሉት በ«ስኳድ»፣ ይጫወታል። «ጋሼ፣ ለስኳዳችን ዌብሳይት ልንሠራ ነው። በምን እንጀምር?» አለኝ። መልሴን ሳይጠብቅ ከቦርሳው ወረቀት አወጣ። ንድፉን ስሎታል። ከላይ የስኳዱ ስም በትልቁ። ከሥሩ አራት ሳጥን። በየሳጥኑ የአንድ ተጫዋች ፎቶና ስም።

«ስንት ናችሁ?» አልኩት።

«ስድስት። ግን ስኳድ አራት ሰው ነው። ሁለቱ ተቀያሪ ናቸው።»

ወረቀቱን ይዤ ዝም አልኩ። ልጁ ንድፉን ያልወደድኩለት መስሎት ማስረዳት ጀመረ። የኔ ሐሳብ ግን ፒያሳ ሄዷል፤ 1996 ዓ.ም.። የዚያን ቀን በቅጡ አልመለስኩለትም። አሁን የምጽፈው ለሱም፣ እንደሱ ለምታስቡትም ነው።

ያኔ 28 ዓመቴ ነበር። ቀን ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠርግ ጥሪና ካላንደር ዲዛይን አደርጋለሁ። ማታ ማታ ፍላሽ እማራለሁ። ፍላሽን እናንተ አታውቁትም፤ የአኒሜሽን መሥሪያ ፕሮግራም ነበር። በዚያ ዘመን ዌብሳይት ላይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ወይም ድምፅ ያለው ነገር ካያችሁ፣ አብዛኛውን ጊዜ በሱ የተሠራ ነው። እኔ በፍቅሩ ተይዤ ነበር። የሚያየው ሰው እስኪጠፋ ድረስ ለብቻዬ ፊደል አስጨፍር ነበር።

ወደ ዶሮ ማነቂያ በሚያስገባ አንድ ቅያስ ላይ ጌም ቤት ነበረ። በገመድ የተያያዙ አሥር አሮጌ ኮምፒውተሮች፣ በር ላይ አንድ ጆተኒ። የሚጫወቱት ካውንተር ስትራይክ የሚባል የተኩስ ጌም ነው። 1.6 የሚባለው እትም የወጣው በዚያው ዓመት መግቢያ ላይ ነበር። አምስት ለአምስት ነው። ኮምፒውተሮቹ እርስ በርስ ከተያያዙ ኢንተርኔት አይፈልግም። ልጆቹ በአጭሩ «ካውንተር» ይሉታል። ከሥራ ስወጣ እዚያ ጎራ እላለሁ። ልጅ ሙሉ ቀኑን ስክሪን ላይ ሲያጠፋ ማየት ዛሬም አልወድም። ያም ሆኖ የሳምንቱ ደስ የሚለኝ ሰዓት ያ ነበር።

ከሁሉም የምወዳቸው አንድ ክላን፣ ማለትም ሁሌ አብሮ የሚጫወት ቡድን፣ ነበሩ። ስድስት የተማሪ ልጆች። አምስቱ ይጫወታሉ። ስድስተኛው እጁ እንደነሱ ፈጣን አልነበረም። ሰው ሲጎድል ይገባል። አለዚያ ከኋላቸው ቆሞ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ይጽፋል። ቀኑን፣ ማፑን (ጌሙ ውስጥ የሚጫወቱበትን ቦታ)፣ ከማን ጋር እንደተጫወቱ፣ ስንት ለስንት እንደወጡ ይጽፋል። ማን ስንት እንደገደለም ይጽፋል። መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩ ውስጥ የነበረው ውጤት አብሮ ይጠፋል። ያን ጊዜ ሁሉም ወደሱ ይዞራል። በሻማ ያነብላቸዋል። «ደስት 2 ላይ 11 ለ 9 እየመራን ነበር» ሲል ተጋጣሚዎቹ እንኳ አይከራከሩትም። መብራት ሲመጣ ጨዋታው ከደብተሩ ይቀጥላል።

አንድ ቀን ስድስቱም ተሰብስበው መጡና ዌብሳይት ሥራልን አሉኝ። እኔ በነጻም እሠራው ነበር። እነሱ ግን አዋጥተው ነው የመጡት። እያንዳንዳቸው 40 ብር፤ በጠቅላላው 240 ብር። ለተማሪ ያኔ ቀላል ገንዘብ አልነበረም። የስድስተኛውም 40 ብር እዚያ ውስጥ ነበረች።

ሦስት ሳምንት ሠራሁት። ጥቁር መደብ፣ ከታች የሚነድ እሳት። አምስት ወታደሮች አንድ በአንድ ከጭስ ውስጥ ይወጣሉ። እያንዳንዱ ሲወጣ የጥይት ድምፅ ይሰማል። ከአጠገቡ ሳጥን ይከፈትና ስሙ በአማርኛ ይጻፋል። ያኔ በሰው ኮምፒውተር ላይ የአማርኛ ፊደል አለመኖሩ የተለመደ ነበር። ስለዚህ ፊደሉን እዚያው ፍላሹ ውስጥ ቀበርኩት። አምስት ወታደር ያደረግሁት ጨዋታው አምስት ለአምስት ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። አንዱ መሐል፣ ሁለት በቀኝ፣ ሁለት በግራ። በጣም ያምር ነበር። ስድስተኛውን ያላስታወስኩት በክፋት አይደለም። ልጆቹን ትቼ ሥዕሉን ሳይ ነው የከረምኩት።

አርብ ማታ ጌም ቤት ተሰበሰብን። ፋይሉ 1.2 ሜጋባይት ነበር። በአንድ ፍሎፒ ዲስክ ይገባል፤ ፍሎፒውም ኪሴ ውስጥ ነበር። ልጆቹ ግን «በኢንተርኔት እንየው» አሉ። ኢንተርኔት ያለው አንዱ ኮምፒውተር ብቻ ነው፤ በስልክ መስመር የሚገናኝ፣ በደቂቃ የሚከፈልበት። በሰከንድ 4 ኪሎባይት ከመጣ ጥሩ ነው። ሒሳቡን እዚያው ቆሜ በጭንቅላቴ ሠራሁት፤ አምስት ደቂቃ። እኔ የሞከርኩት ሁልጊዜ በራሴ ኮምፒውተር ላይ ነበር፤ ወዲያው ነው የሚከፈተው። 10 ፐርሰንት፣ 20 ፐርሰንት። ልጆቹ ቁጥሩን አብረው ይቆጥራሉ። 60 ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቆረጠ። እንደገና ከዜሮ። ሒሳቡን የሚከፍሉት እነሱ ናቸው።

በመጨረሻ ተከፈተ። ጩኸቱን ልነግራችሁ አልችልም። የመጀመሪያው ወታደር ሲወጣ ስሙ የተጻፈለት ልጅ ወንበር ላይ ቆመ። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። አምስተኛው ወጣና ጭሱ ቆመ። ሁሉም ያጨበጭባል፣ ይተቃቀፋል። ስድስተኛው ልጅ ግን ስክሪኑን እያየ ነው። ጭሱ እንደገና ይነሳል ብሎ እየጠበቀ መሆኑ ገባኝ። ቆይቶ ወደኔ ዞረ።

«ሌላ ገጽ አለው?» አለኝ።

«የለውም። ዲዛይኑ ለአምስት ነው» አልኩት።

ደብተሩን ከደነ። ሌላ ምንም አላለም። ከዚያ በኋላ ሁለት ሦስቴ ያየሁት ይመስለኛል። ከዚያ ቀረ።

ጓደኞቹ በኋላ ጨምርልን ብለው ነበር። እሺ አልኳቸው። አንድ ስም ለመጨመር ግን ከጭሱ ጀምሮ ሙሉውን እንደገና መሥራት ነበረብኝ። የአምስቱ አቀማመጥም ይበላሻል። «በሚቀጥለው ሳምንት» እያልኩ ወራት አለፉ። ራሳቸው እንዳይጨምሩት ምንጩ ፋይል፣ ማለትም ሊታረም የሚችለው ዋናው፣ ያለው እኔ ኮምፒውተር ላይ ብቻ ነበር። ያ ኮምፒውተር ተበላሸ። በነጻ ያስቀመጥኩበት ቦታም ከጊዜ በኋላ ተዘጋ። ፋይሉ ቢኖረኝም ኖሮ አይጠቅምም። የፍላሽ ባለቤት የሆነው አዶቢ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ላይ ድጋፉን አቁሟል፤ ብራውዘሮችም አይከፍቱትም። ጌም ቤቱ የነበረበት አካባቢ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል። የነዚያ ልጆች ማታዎች የሆነ ቦታ ተጽፈው ካሉ፣ ያሉት በዚያ ደብተር ውስጥ ነው። እኔ ደብተሩን ገልጬ እንኳ አላየሁትም።

ልጆች፣ ስለ ከለርና ስለ ሎጎ አልነግራችሁም። እሱን ከኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ልጁም «በኤአይ በአንድ ማታ ያልቃል» ብሎኛል። እውነቱን ነው። አራት ሳጥን ሥራ ካልከው ግን እሱም አራት ሳጥን ነው የሚሠራልህ። ማን ማን እንዳላችሁ የምታውቁት እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ የሁላችሁንም ስም በተራ ጽሑፍ ጻፉ። የሚጫወተውን፣ ተቀያሪውን፣ ጨዋታ የሚያመቻቸውን፣ ውጤት የሚይዘውን ሁሉ። ከዚያ በኋላ ሳሉ። ሰባተኛ ሰው ሲመጣ አንድ መስመር ብቻ የሚጨመርበት ዝርዝር ይሁን።

ስም ስል የጨዋታ ስማችሁን ነው። ሙሉ ስም፣ ትምህርት ቤት፣ ስልክ ቁጥር አታውጡ። ገና ልጆች ናችሁ፤ ገጹን ማን እንደሚያየው አታውቁም።

ሁለተኛ ውጤታችሁን አስቀምጡ። የዛሬ ልጆች ፈጣኖች ናችሁ፤ እቀናባችኋለሁ። ነገር ማኖር ላይ ግን ደካማ ናችሁ። ሁሉን ትቀርጻላችሁ፣ ምንም አታስቀምጡም። ልጁን ባለፈው ወር የተጫወታችሁትን አሳየኝ ስለው ቴሌግራም ግሩፑን ወደ ላይ ሲገፋ፣ ሲገፋ ሻዩ ቀዘቀዘ። አላገኘውም። ቀን፣ ተጋጣሚ፣ ማፕ፣ ስንተኛ እንደወጣችሁ። አራት ዓምድ ያለው ሰንጠረዥ በቂ ነው። አማርኛውን እንደ ፎቶ አትለጥፉት፤ በፊደል ጻፉት። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ዛሬ ስልካችሁ ሁሉ ያነበዋል። ተፈልጎም ይገኛል።

ሰዓት ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ። ልጁ እንደነገረኝ ከውጭ አገር ልጆች ጋር ውድድር ይዘው ማስታወቂያው «3 ፒኤም ዩቲሲ» ይላል። ዩቲሲ አገሮች ሰዓታቸውን የሚያመሳክሩበት የጋራ ሰዓት ነው። እነሱ ማታ 3 ሰዓት ላይ ተሰብስበው ገቡ። ጨዋታው አልቋል። እኛ ከዩቲሲ ሦስት ሰዓት እንቀድማለን፤ በኛ አቆጣጠር ያ ሰዓት ከምሽቱ 12 ነበር። ገጻችሁ ላይ የውጩንና የኛን ሰዓት ጎን ለጎን ጻፉ። ለስኳድ ዌብሳይት ከዚህ የበለጠ የሚጠቅም ነገር አላውቅም።

ፒያሳ የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ ሰው ነበር፤ ልጅ ሆኜ ሥራውን ቆሜ አይ ነበር። ሁለት ፊደል ይጽፍና መሰላሉን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ታክሲ ከሚጠበቅበት ቦታ ሆኖ ያየዋል። እናንተም ከስኳዱ ውስጥ የደከመ ስልክ ያለውን ልጅ ፈልጉ። በሱ ስልክ፣ በሞባይል ዳታ ክፈቱት። የስልክ ፎቶ እንዳለ ከለጠፋችሁ አንዱ ብቻ 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል፤ የኔን ፍላሽ ከሦስት እጥፍ በላይ ማለት ነው። አሳንሱት። 200 ኪሎባይት ይበቃዋል።

ፓስወርዱን አንድ ሰው ብቻ አይያዘው። እኔን ያያችሁ ይበቃል። ክፍያው ከከበዳችሁ እንደ ጊትሀብ ፔጅስ ያሉ ቀላል ገጽ በነጻ የሚያኖሩ ቦታዎች አሉ። ቅጂውን ግን ሁለት ሦስት ቦታ አስቀምጡ።

ጭስና እሳት አታድርጉ አልልም። ከጭስ የሚወጣው ወታደር ዛሬም ያምረኛል። ያ ልጅ ወንበር ላይ የቆመው እሱን አይቶ ነው። ዕድሜያችሁም ነው፤ አድርጉት።

ልጁን ቅዳሜ ከሰዓት እንዲመለስ ነግሬዋለሁ። ስድስቱንም ይዞ ይመጣል። ቢሮዬ ያለው ወንበር አራት ነው፤ ሁለቱን ከጎረቤት እዋሳለሁ።