መኖና የድንጋይ ከሰል በአንድ መደብር የተሸጡበት ምክንያት

የተከበሩ ጠያቂ፣ አያትዎ የመሠረቱትን የመኖና የድንጋይ ከሰል መደብር ታሪክ ለመጻፍ እንደተነሡ ገልጸው፣ ሁለቱ ዕቃዎች እንዴት በአንድ ቤት ሊሸጡ እንደቻሉ ጠይቀዋል። እኔም ያደግሁት በእንዲህ ያለ የቤተሰብ መደብር ነው፤ አባቴ ካረፉ በኋላም የቀሩትን መዝገቦች አንድ በአንድ አገላብጫለሁ።

ከመዝገቦቹ እንደተረዳሁት ሁለቱን ያገናኛቸው ክብደታቸው ነው። ከሰሉም፣ አጃውም፣ ፉርሽካውም በባቡር ፉርጎ መጥተው በአንድ ሚዛን ላይ ያልፋሉ፤ ጋሪው መጀመሪያ ባዶውን፣ ቀጥሎ ከነጭነቱ ይመዘንና ልዩነቱ በደንበኛው ስም ይጻፋል። ከሰል በብርድ ወራት ሲፈለግ፣ የጋሪ ፈረስ ግን ዓመቱን ሙሉ ስለሚበላ፣ ሙቀቱ ሲገባ መደብሩን የሚያቆመው መኖው ነበር። ከሰሉን የሚያደርሰው የራሳችን ፈረስም ከዚያው መኖ ይበላ ነበርና፣ አባቴ ዋና ደንበኛችን እርሱ ነው ይሉ ነበር፤ ከፍሎ ባያውቅም።

ይሁን እንጂ ሁለቱን አጎራብቶ ማስቀመጥ ብርቱ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የከሰሉ ብናኝ መኖውን ከማበላሸቱም በላይ፣ በከፍታ የተከመረ ከሰል ከአየር ጋር ሲዋሐድ፣ እርጥበት ያለበት ድርቆሽ ደግሞ በውስጡ በሚራቡ ረቂቅ ተሕዋስያን ምክንያት፣ ማንም እሳት ሳይለኩስባቸው ከውስጥ ግለው ሊቃጠሉ ይችላሉ። ስለዚህ አባቴ ረጅም የብረት ዘንግ ወደ ክምሩ ሰክተው ካቆዩ በኋላ አውጥተው በእጃቸው ይዳስሱት ነበር። አንድ ሌሊት ዘንጉ አላስይዝ ስላላቸው፣ ቤተሰቡ በሙሉ እስኪነጋ ድረስ ክምሩን በአካፋ ሲበትን አደረ።

ውድቀቱን በተመለከተ መዝገቡ ግልጽ ነው፤ መኪናና ትራክተር ሲስፋፉ በመጀመሪያ የባለፈረሶቹ ስም ጠፋ፣ የነዳጅና የጋዝ ማሞቂያ ሲገባ ደግሞ የከሰሉ ዓምድ ባዶ ሆነ። በአንዳንድ አገሮች ሕግም ተጨምሮበታል፤ ብሪታንያ ከ1952ቱ (እ.ኤ.አ.) የለንደን ጭስ አዘል ጉም በኋላ በ1956 (እ.ኤ.አ.) የንጹሕ አየር ሕግ አውጥታለች። የእኛ መደብር የተረፈው ወደ ዶሮና ወደ ላም መኖ በመዞሩ ነው።

እርስዎም ከፎቶግራፎቹ ይልቅ በዱቤ መዝገቡ እንዲጀምሩ፣ በተለይም የእጅ ጽሑፉ የሚለወጥባቸውን ገጾች እንዲያስተውሉ እመክራለሁ። በእኛ መደብር ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የአያቴና የልጆቻቸው ስም ብቻ ሲሆን፣ ከመዝገቡ ግማሽ የሚበልጠው ግን በሴት አያቴ እጅ የተጻፈ ነው።