ቢከር መለኪያ አይደለም፤ ቡሬቱን አስቀድሙ

እህቴ፣ ስለ ትምህርት ቤታችሁ ላብ ዕቃ ግዢ ያነሳሽው ጥያቄ «ቢከሩ (አፈ ሰፊው የላብ ብርጭቆ) ላይ ሚሊ ሊትር ተጽፎ የለ እንዴ፣ ባለችን ትንሽ ገንዘብ ሌላ መለኪያ ለምን እንገዛለን?» የሚል ነው። ሰሜን ሸዋ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ላብ ላይ ብዙ ዓመት ስለሠራሁ ያየሁትን ልንገርሽ።

ቢከር ላይ ያለው መስመር ግምት ነው። አገላብጠሽ እዪው፣ ብዙ ጊዜ ±5% የሚል ራሱ ላይ ተጽፏል። 100 ሚሊ ብለሽ የቀዳሽው 95ም 105ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ለማሟሟትና ለማሞቅ ግን የሚያክለው የለም። ለመለካት ሲሊንደር (ቀጥ ያለው ቀጭን መለኪያ) ከሱ ይሻላል፣ ለአብዛኛው የተማሪ ሥራ ይበቃል።

ታይትሬሽን፣ ማለትም አንዱን ፈሳሽ በሌላው ላይ ጠብ እያደረጉ መጠኑን መለካት፣ የምታሠሪ ከሆነ ቡሬት የግድ ነው፤ ከሥሩ መክፈቻ ያለው ረጅም ቀጭን የመለኪያ ቱቦ ነው። 50 ሚሊው በ0.1 ሚሊ የተከፋፈለ ነው፤ ክላስ ኤ የሚባለው ጥራቱ ከፍ ያለው ዓይነት ስህተቱ ከ0.05 ሚሊ አይበልጥም። ከሥሩ ኮኒካል ፍላስክ (ታቹ ሰፊ የሆነ ጠርሙስ) አድርጊ፣ አፉ ጠበብ ስለሚል እያዞርሽ ስታማስዪው አይረጭም። የቡሬቱ ጫፍ ላይ የቀረውን አየር ሳታስወጪ ንባብ አትጀምሪ። ዓይንሽን ከውሃው እኩል አድርገሽ የፈሳሹ ገጽ የሚሠራውን የጎድጓዳውን ሥር አንብቢ። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከገባበት ደግሞ ሳያድር ይታጠብ፤ ካደረ ከብርጭቆ የተሠራው የቡሬቱ መክፈቻ ተጣብቆ እምቢ ይላል።

አሁን ወደ ብርዳችን። አንድ ጊዜ ኅዳር ላይ ነው፣ ውጪው ውርጭ ነው፣ የላቡ ሲሚንቶ ጠረጴዛ እጅ ያደነዝዛል። ውሃ የፈላበትን ቢከር ከእሳት አውርጄ እዚያው ላይ አስቀመጥኩት። ጧ! አለ፤ አንስቼ ሳየው ቂጡ እንደ ክዳን ክብ ሆኖ ተላቆ ጠረጴዛው ላይ ቀርቷል፣ ውሃው ወደ ተማሪዎቹ ወንበር ይፈሳል። ማንም አልተቃጠለም፣ ተመስገን፣ ግን እስከ ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል። ቢከሩ ተራ ብርጭቆ ነበር። እናንተ «ቦሮሲሊኬት 3.3» የተጻፈበትን፣ ሙቀት የሚችለውን ብርጭቆ ግዙ፤ ተራው ብርጭቆ ሲሞቅ ከሱ ሦስት እጥፍ ያህል ይለጠጣል፣ የሚሰነጠቀውም ለዚህ ነው። ቢሆንም ትኩሱን ከእንጨት ወይም ከታጠፈ ጨርቅ ላይ አሳርፉት። ቡሬት፣ ሲሊንደርና ቮልዩሜትሪክ ፍላስክ (አንገተ ረጅሙ መለኪያ ጠርሙስ) ግን ፈጽሞ እሳት ላይ አይጣዱም።

በነገራችን ላይ፣ ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 90 ዲግሪ አካባቢ ነው። ቴርሞሜትሩ 100 አልደረሰም ብለሽ ተበላሽቷል እንዳትዪ።

ገንዘቡ ካነሰ ቢከሩን ቀንሱና ቡሬት ጨምሩ፣ ሁለት ሦስት እንኳ ቢሆን። የቡሬቱ መክፈቻ ቴፍሎን ከሚባለው ፕላስቲክ ከሆነ አይጣበቅም። ከመክፈላችሁ በፊት እዚያው ሱቁ ውስጥ ውሃ ሞልታችሁ ዝጉት፤ አሥር ደቂቃ ጠብቃችሁ ካላንጠባጠበ ውሰዱት።