ጥያቄና መልስ፦ የላይን ሱፐርቫይዘር ሞራል ለምን ይወድቃል?

ወርክ ስተዲ (መላሽ)፦ ርዕሳችን የልብስ ስፌት ፋብሪካ ሱፐርቫይዘር ነው። የላይኑን (የስፌት መስመሩን) የሰው ብዛትና የምርቱን ዓይነት ጻፉ። «ሞራል ወደቀ» ብቻ ብሎ ለሚጠይቅ መልስ የለኝም።

ትግስት፦ ጋሼ፣ ሸሚዝ ነው፣ 35 ኦፕሬተር። ታርጌት አልሞላ ብሎት ተስፋ የቆረጠ ሱፐርቫይዘር ቦነስ ቢጨመርለት ይነቃቃል?

ወርክ ስተዲ፦ ቦነሱ ከተሳሳተ ታርጌት ጋር ከታሰረ ጭራሽ ይብስበታል። ስሌቱን እንየው። የሸሚዙ ሳም (አንዱን ለመስፋት የተመደበው መደበኛ ጊዜ) 14 ደቂቃ ይሁን። 35 ሰው በ480 ደቂቃ 16,800 ደቂቃ ነው፤ ለ14 ሲካፈል 1,200 ሸሚዝ። በ50 ፐርሰንት ኢፊሸንሲ፣ ማለትም ከስሌቱ ግማሹ ሲወጣ፣ 600። ዛሬ 6 ሰው ቀረ እንበል። 29 ሰው በዚያው ኢፊሸንሲ 497 ነው የሚያወጣው፤ ሰሌዳው ግን አሁንም 600 ይላል። ሰውዬው ገና ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተሸንፏል! ከሥራ የቀሩት ኮሌታ ላይ የሚሠሩት ከሆኑማ 497ም የለም፤ ላይኑ ከማነቆው፣ ማለትም በጣም ከሚዘገየው ሥራ፣ በላይ አያወጣም። ስለዚህ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት የተገኘው ሰው ይቆጠር፣ ታርጌቱ በዚያ ልክ ይከለስ፣ ፕሮዳክሽን ማናጀሩ ይፈርምበት። ብዙ ማሽን የሚችሉ ሁለት ሦስት ተጠባባቂዎች ይያዙ፤ የት እንደሚገቡ ሱፐርቫይዘሩ ራሱ ይወስን፣ ኤችአርን ሳይለምን። በቃል የተነገረ ክለሳ እንዳልተከለሰ ቁጠሩት። በጽሑፍ!

አለቃ77፦ ይሄ ሁሉ ማባበል ነው። ካልተጮኸ ላይን አይሄድም።

ትግስት፦ የተጮኸባት ልጅ ነገ ትቀራለች። ያኔ 34 ሆንክ።

አለቃ77፦ በር ላይ ተመዝጋቢ ሞልቷል።

ትግስት፦ ኮሌታ የምትችል ናት በር ላይ ያለችው?

ወርክ ስተዲ፦ እሱን በግል ጨርሱት። ቀጣይ።

ናቲ፦ «ሱፐርቫይዘር አለቃ ነው፣ ኦቨርታይም የለውም» ይባላል። እውነት ነው?

ወርክ ስተዲ፦ የሚታየው ማዕረጉ ሳይሆን ሥልጣኑ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 «የሥራ መሪ»ን ከአዋጁ ያወጣው የአመራር ፖሊሲ የሚያወጣና የሚያስፈጽም፣ ወይም የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ስለሆነ ነው። አንድ ኦፕሬተር እንኳ ማዛወር የማይችል ሱፐርቫይዘር ሠራተኛ ነኝ ብሎ መከራከር ይችላል። የኦቨርታይም ክፍያው ከጠዋቱ 12 እስከ ማታ 4 ሰዓት 1.5 እጥፍ፣ ሌሊት 1.75፣ በሳምንት የዕረፍት ቀን 2፣ በበዓል 2.5። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት። የሥራ ዝርዝሩን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ሙግቱ የሚቆመው በእሱ ነው። ኃላፊነቱን እንደ አለቃ፣ ሥልጣኑን እንደ ተራ ሠራተኛ መስጠት ነው ሰው የሚገድለው፤ የደመወዝ ጭማሪ አይሸፍነውም።

ሄለን፦ የሥራ ተነሳሽነትን ያጠናው አሜሪካዊው ሳይኮሎጂስት ኸርዝበርግ ደመወዝ ቅሬታ ይቀንሳል እንጂ አያነሳሳም ይላል። ይሠራል እኛ ጋ?

ወርክ ስተዲ፦ በ1959 እ.ኤ.አ. ያወጣው ጥናት በአሜሪካ የፒትስበርግ መሐንዲሶችና አካውንታንቶች ላይ ነው። የቤት ኪራይ ለጨነቀው ሰው ጥቅስ አታንብቡለት።

ቤቲ፦ ሞራል ለመጨመር ምን ይደረግ?

ወርክ ስተዲ፦ ስንት ሰው? ምን ምርት? ከላይ አንብቢ።

ናቲ፦ የመጨረሻ፣ ጋሼ። የተበላሸ ጨርቅ ከሱፐርቫይዘሩ ደመወዝ ሊቆረጥ ይችላል?

ወርክ ስተዲ፦ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ የራሱ የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል። ተደማምሮም ከወር ደመወዙ ሲሶ አይበልጥም። ባዶ ፎርም ላይ እንዳይፈርም።