ቀዩ የለቀቀበትና ስፌቱ የተጨማደደበት የቱርክ ኪሊም

ከሐዋሳ የጻፉልኝ ጠያቂ ችግራቸውን እንዲህ ያስረዳሉ፦ ወንድማቸው ከኢስታንቡል ያመጣላቸው፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን በእጅ የተሠራ የበግ ፀጉር ኪሊም (በድርና ማግ ብቻ የተሸመነ ስስ ምንጣፍ) አላቸው፤ ሻጩም ቀለሙ በሙሉ ከዕፅዋት የተገኘ መሆኑን ነግሮታል። በቅርጾቹ ዳር «ተቀዶ» ያዩትን ለልብስ ሰፊ ሰጥተው በማሽን አሰፉት፤ ከዚያም ላቫጆ ወስደው አሳጠቡት። ሲደርቅ ቀዩ ወደ ነጩ ፈስሶ ሮዝ ጥላ ጥሎበታል፤ መሐሉ ተጨማድዶ ወለል ላይ አልተኛ ብሏል። አንዱን ጥግ በበረኪና ሊያነጡት ሲሞክሩ ደግሞ ቢጫ ሆነ። አሁን ጎረቤት «አቼቶ ውስጥ ንከሩት፣ ቀለሙን ያጸናዋል» ብሏቸው፣ ከመንከራቸው በፊት ሊጠይቁኝ ወደዱ።

ቀድመው መጠየቅዎ ደግ ነው፤ ምክንያቱም በረኪና በነካው ኪሊም ላይ አቼቶ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም። ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን የሚባለው መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በሩ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ከሆነ ደግሞ ሳንባን ይጎዳል። አቼቶ እንዲጠቀሙ እኔም እመክርዎታለሁ፤ ነገር ግን ያ ጥግ በብዙ ንጹሕ ውኃ ደጋግሞ ታጥቦ የበረኪናው ሽታ ጨርሶ ከጠፋ በኋላ ብቻ ነው።

ወደ ጉዳዩ ስመለስ፣ የላኳቸውን ፎቶዎች አይቼ የደረስኩበት ግምት አንድ ነው፦ ቀለሙም ስፌቱም የተበላሹት በዚያ በአንዱ እጥበት ነው፤ ቀዩም ሻጩ እንዳለው የዕፅዋት፣ ማለትም «ማደር» ከተባለው ተክል ሥር የሚገኝ ቀይ ቀለም አይደለም። ከነጩ ጋር የሚዋሰነው ሰማያዊ ጠብታ እንኳን አለቀቀም፤ ቢጫውም በቦታው አለ። ቀዩ በፊቱ በኩል ወደ ደብዛዛ ብርቱካናማነት ሲያደላ፣ በጀርባው ግን ደማቅ ሆኖ ይታያል። በማደር የተነከረ ፀጉር የሚደበዝዘው ቀስ ብሎና ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ ላዩ ብቻ ተገርጥቶ ሥሩ ደማቅ ሆኖ የሚቀረው በአብዛኛው ርካሽ የፋብሪካ ቀለም ነው። ለማረጋገጥ በቀዩ ክፍል ሁለት ማጎችን በመርፌ ጫፍ ፈልቀቅ አድርገው ውስጡን ይመልከቱ።

ቀጥሎ በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ነጭ አቡጀዲ በእያንዳንዱ ቀለም ላይ ለአምስት ደቂቃ ያህል ተጭነው ይያዙ፤ ከዚያም ጥቂት ሳሙና ባለበት ውኃ ይድገሙት። በሳሙናው ውኃ ጊዜ አቡጀዲው ከቀላ፣ በንጹሑ ውኃ ግን ነጭ ሆኖ ከቀረ፣ ግምቴ ልክ ነው ማለት ነው።

ይህን ነገር ባስረዳ አይሰለቸኝምና ጥቂት ይታገሡኝ። የማደር ሥር ዋናው ቀለም አሊዛሪን ይባላል፤ ብቻውን በበግ ፀጉር ላይ ጸንቶ አይቀመጥም። ስለዚህ የአናቶሊያ ሴቶች ፀጉሩን አስቀድመው ሸብ በተባለው ነጭ ማዕድን ውኃ ይቀቅሉታል። በሸቡ ውስጥ ያለው አሉሚኒየም በአንድ ወገኑ ፀጉሩን፣ በሌላው ወገኑ ቀለሙን ይይዛል፤ ሦስቱ ተጣምረው በውኃ የማይሟሟ ነገር ይሆናሉ። ያው ሥር በሸብ ፋንታ የብረት ጨው ቢገባበት ቀይ መሆኑ ቀርቶ ወደ ወይን ጠጅና ቡናማ ይሄዳል፤ ብረቱ ግን ከዓመታት በኋላ ፀጉሩን ስለሚበላው፣ በአሮጌ ኪሊሞች ላይ ጥቁሩና ቡናማው ክፍል ብቻ ተበልቶ ይታያል። ከቅጠል የሚገኘው ሰማያዊ ቀለም ኢንዲጎ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው። ሸብ አያስፈልገውም፤ አየር በሌለበትና አልካሊ (እንደ አመድ ውኃ ያለ የአሲድ ተቃራኒ) ባለበት ጋን ውስጥ ሟሙቶ ወደ ፀጉሩ ይገባል፤ ፀጉሩ ወጥቶ አየር ሲያገኘው እዚያው ውስጥ ሰማያዊ ሆኖ ይቆለፋል። ስለዚህ በደረቅ ጨርቅ ቢያሹት ጥቂት ሊለቅ ይችላል፤ በውኃ ግን አይፈስም።

በርካሽ ኪሊም ላይ የሚገኘው የፋብሪካ ቀይ ብዙውን ጊዜ አሲድ ቀለም ከሚባለው ወገን ነው። አሲድ ባለበት ውኃ ውስጥ የበግ ፀጉር አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ይይዛል፤ ቀለሙ አሉታዊ ሙል አለውና ይሳሳባሉ። የሚያያይዛቸው በአብዛኛው ይኸው መሳሳብ ነው። ውኃው እንደ አመድ ውኃ ወደ አልካሊነት ሲዞር ፀጉሩ ያንን ሙል ያጣል፤ በደንብ ያልተጠናከረ ቀለምም ተለቆ ወደ ውኃው ይገባል። የላቫጆ ሳሙና የሞተር ቅባት እንዲያወጣ የተሠራ፣ አብዛኛው ጠንካራ አልካሊ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ደግሞ ሶዲየም ባይካርቦኔት የሚበዛበት በመሆኑ፣ እርስዎ ባሉበት በሐዋሳም ሆነ እኔ በምሠራበት በአዳማ፣ በዚያው አቅጣጫ ይጨምርበታል። አቼቶ አሲድ በመሆኑ፣ ጎረቤትዎ ስለ እሱ የነገሩዎት እውነት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው፤ ግማሽ እውነት የሚሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ አቼቶ በቀዩ ውስጥ የቀረውን ቀለም እንደሚያጸናው ሁሉ ነጩ ላይ የፈሰሰውንም ያጸናዋልና።

ሻጩ ዋሽቶ እንደሆነ ለመፍረድ ግን አልቸኩልም። በአንድ ኪሊም ላይ የዕፅዋትና የፋብሪካ ቀለም ጎን ለጎን መገኘቱ የተለመደ ነው። የመጀመሪያው የፋብሪካ ቀለም በ1856 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ከተገኘ ወዲህ ርካሹ ቀለም እስከ ቱርክ መንደሮች ዘልቋል፤ ከ1897 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፋብሪካ ተመርቶ ለገበያ የቀረበው ኢንዲጎ በኬሚካዊ ይዘቱ ከቅጠሉ የተለየ ስላልሆነ፣ ያላለቀቀው ሰማያዊዎም ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። የሥር ቀለም በምዕራብ ቱርክ መንደሮች እንደገና እንዲለመድ ያደረገው፣ ጀርመናዊው የኬሚስትሪ መምህር ሃራልድ ቦመር ከማርማራ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ1981 እ.ኤ.አ. የጀመረው፣ ዶባግ የተባለው የተፈጥሮ ቀለም ምርምርና ማጎልበቻ ሥራ ነው።

አሁን ወደ «ተቀዶ» እንምጣ፤ እኔን ከቀለሙ ይልቅ ያናደደኝ ይህ ነው። አልተቀደደም ነበር። በኪሊም ሥራ እያንዳንዱ ቀለም የራሱ ማግ አለው፤ ማጉ የቀለሙ ድንበር ላይ ሲደርስ በመጨረሻው ድር ዞሮ ይመለሳል፤ የጎረቤቱም ቀለም በሚቀጥለው ድር ዞሮ ይመለሳል። ድንበሩ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከሄደ በሁለቱ መካከል ክፍተት ይቀራል። ሸማኔዋ ክፍተቱ እንዳይረዝም ድንበሩን ደረጃ በደረጃ ወደ ጎን ታስኬደዋለች፤ አብዛኞቹ የኪሊም ቅርጾች ሰያፍና ባለ ጥርስ የሆኑት በዚህ የተነሣ ነው። በእርስዎ ኪሊም ጠርዝ ላይ የተደረደረው የተጠቀለለ ቀንድ ኮች ቦይኑዙ፣ የአውራ በግ ቀንድ ነው፤ መሐል ላይ እጆቿን ወገቧ ላይ ያደረገች ሴት የምትመስለው ደግሞ ኤሊበሊንዴ ናት። ነጋዴዎች ስለ ትርጉማቸው ብዙ ይናገራሉ፤ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ክፍተቱ የት የት እንዳለ ነው።

ልብስ ሰፊው እነዚያን ክፍተቶች ሁሉ በፖሊስተር ክር ጥርቅም አድርጎ ሰፋቸው። ለሸሚዝ የሚሆን ርካሽ ክር ለዚህ ሥራ መዋል የለበትም። በሙቅ ውኃና በመፈተግ የበግ ፀጉር ይሰበሰባል፤ ፖሊስተሩ ግን አይሰበሰብም። ስለዚህ ስፌቱ ባለበት ሁሉ ኪሊሙ ተጨማደደ። ክሩ ከፀጉሩ ይልቅ ጠንካራ በመሆኑም ሲሳብ የሚበጠሰው እሱ ሳይሆን የኪሊሙ ድር ይሆናል። ይህን ጥፋት አንድ ሰው ላይ ብቻ አላየሁትም፤ አንዳንዱ ጭራሽ ከጀርባ በማስቲሽ ጨርቅ ይለጥፍበታል፤ እሱን ማላቀቅማ ሌላ ጣጣ ነው።

ሥራው መጀመር ያለበት ስፌቱን ከመፍታት ነው፤ እርጥብ ፀጉር ደካማ ስለሆነ ስፌቱ እያለበት ካጠቡት ክሩ ይቆርጠዋል። ኪሊሙን ገልብጠው በትንሽ ሹል መቀስ ከጀርባው በየሦስት ስፌቱ ይቁረጡና ክሩን በፊት በኩል ቀስ ብለው ይምዘዙት። ምላጭ አይጠቀሙ፤ ድሩን ሳያዩት ይበጥሰዋል። ከዚያ ጥላ ውስጥ ገልብጠው በእጅ መዳፍ እየመቱ አቧራውን ያርግፉ።

ለማጠቢያ የዝናብ ውኃ ካጠራቀሙ እሱ ይሻላል። በረኪና የነካውን ጥግ ለብቻው፣ በር በሌለው ግልጽ ቦታ፣ ውኃውን እየለወጡ ያጥቡት፤ አሁንም እደግመዋለሁ፣ ሽታው እስኪጠፋ አቼቶ አይቅረበው። ከዚያ በ10 ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ 100 ሚሊ ሊትር ያህል ነጭ አቼቶ ጨምረው ኪሊሙን በሙሉ በአንድ ጊዜ ያርሱት፤ ግማሹ ደረቅ ግማሹ እርጥብ ሆኖ ከቆየ ቀለም በእርጥቡ ዳር ይጠራቀማል። በዚያው ውኃ ላይ ጥቂት የሕፃናት ሻምፖ ጨምረው በስፖንጅ በማጉ አቅጣጫ እየዳበሱ ያጥቡት፤ የዱቄት ሳሙናና ብሩሽ አያስገቡ። ሥራው ፈጣን ይሁን፤ የቀላውን ውኃ ሳያቆዩ ይድፉ፤ ማለቅለቂያውም ጥቂት አቼቶ ይኑረው። አይጭመቁት፤ በሁለት አቡጀዲ መካከል ጠቅልለው ይርገጡትና ወዲያው ፈትተው ያንሡት። ገመድ ላይ አይስቀሉት፤ ውኃው ወደ ታች ሲወርድ ቀዩን ይዞ ይሄዳል። ጥላ ባለበትና ነፋስ በሚገባበት ቦታ ዘርግተው፣ ሳይጠነክር ጠርዙን በእጅ እየጎተቱ ቅርጹን ያስተካክሉ፤ ጭምድዱ አብዛኛው እዚያው ይፈታል።

ነጩ ላይ የቀረው ሮዝ ይሳሳ ይሆናል እንጂ በቤት ሥራ ጨርሶ አይጠፋም። በየሱቁ ቀለም ማጥፊያ ተብሎ የሚሸጠውን ዱቄት አይሞክሩት፤ አብዛኛው ሃይድሮሰልፋይት የሚባለው ስለሆነ፣ ኢንዲጎውን እንደገና አሟሙቶ ጤነኛውን ሰማያዊ ይዞብዎት ይሄዳል።

ሲደርቅ ከሁለት ጣት በላይ የረዘሙትን ክፍተቶች ብቻ ይስፉ፤ አጫጭሮቹን ይተዋቸው። ከደብረ ብርሃን ወይም ከመንዝ የሚመጣ የተፈተለ የበግ ፀጉር ቢያገኙ ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ፀጉሩ ሻካራ ስለሆነ ማጉን ይይዛል። ጫፉ ዱልዱም በሆነ ወፍራም መርፌ ከጀርባ በኩል ከአንዱ ዳር ድር ወደ ሌላው እየተሻገሩ፣ ክሩን ሳያጠብቁ ያያይዙ። ክሩ ከኪሊሙ ድር ይልቅ ደከም ያለ ይሁን፤ ወደፊት የሚበጠስ ነገር ካለ እሱ ይበጠስ።

ቢጫ የሆነው ጥግ የቀለም ችግር አይደለም፤ በረኪና የፀጉሩን አካል ስለበላው ወደ ነጭነት የሚመልሰው ማጠቢያ የለም። በጣት ሲያሹት የሚበን ከሆነ የተበላውን ማግ አውጥቶ በድሩ ላይ ባልተነከረ ነጭ የመንዝ ፀጉር እንደገና መሥራት ይቻላል፤ ያ ግን ለለመደ እጅ የሚሰጥ ነው። የማይበን ከሆነ ጥጉን ሰው በማይረግጠው በኩል አዙረው ያንጥፉት፤ ዳግመኛም በረኪና አያስነኩት።