ሁለቴ ወድቄያለሁ፤ ሦስተኛውን ልቀመጥ?

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ከሐይቅ የጻፈችልን እህት አካውንቲንግ ተምራ ጨርሳለች። የመውጫ ፈተናውን ሁለቴ ተቀምጣ መጀመሪያ 41፣ ቀጥሎ 46 አመጣች። «ሃንድአውቱን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አነበብኩ፤ ፈተናው ላይ ግን ጭንቅላቴ ባዶ ይሆናል» ትላለች። ደሴ ውስጥ እህል የሚነግዱት አጎቷ «ነይና ሂሳብ ያዥልኝ» ቢሏትም ዲግሪ ሳልይዝ ምን ብዬ ብላ እምቢ ብላለች። ጎረቤት ቡና መጠራትም ትታለች። መጨረሻ ላይ «በራስሽ ተማመኚ ይሉኛል፤ ከየት ላምጣው?» ብላ ጠየቀችን።

እህት ዓለም፣ የመጨረሻዋን ጥያቄሽን ወደድኳት። እውነትም ከየት ይመጣል? ቲክቶክ ላይ «ትችያለሽ! አትፍሪ!» እያለ የሚጮኸውን ሰው ስታዪ ትንሽ ሞቅ ይልሻል። ስልኩን ስትዘጊ ፍርሃቱ እዚያው ቁጭ ብሎ ይጠብቅሻል። አልበርት ባንዱራ የተባለው የሥነ ልቦና ሊቅ በዚህ ጉዳይ ላይ ብዙ ጽፏል። እሱ እንደሚለው ሰው «እችላለሁ» ብሎ እንዲያምን ከምንም በላይ የሚያደርገው በገዛ እጁ ያሳካው ነገር ነው። የሰው ማበረታቻም ይረዳል፤ ግን ቶሎ ይበናል። ስለዚህ መተማመኑ መጥቶ ከዚያ አጠናለሁ ብለሽ አትጠብቂ። ቅደም ተከተሉ የተገላቢጦሽ ነው።

ሯጩን ምሩጽ ይፍጠርን ሁላችንም የምናነሳው በሞስኮ ኦሊምፒክ ሁለት ወርቆች ነው፣ በ1980 እ.ኤ.አ.። ከዚያ በፊት በ1972 ሙኒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አግኝቶ 5,000ውን ሰዓት አልፎበት ሳይሮጥ ቀረ። በ1976 ደግሞ አገራችን ከሞንትሪያል ኦሊምፒክ ራሷን አገለለች። እኔን የሚገርመኝ ግን ብዙ ሰው የሚዘለው መሃሉ ነው። በ1977 እና በ1979 በአትሌቲክስ የዓለም ዋንጫ ሁለቱንም ርቀት አሸንፏል። ሞስኮ የገባው እንግዲህ ተመኝቶ ብቻ አልነበረም፤ የሚቆጥረው ድል ነበረው።

አንቺም የምትቆጥሪው አለሽ። ከ41 ወደ 46 መጥተሻል፤ ማለፊያው 50 ነው። ፈተናው በ2015 ዓ.ም. ሲጀመር በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ከግማሽ በላይ አላለፉም። ይህን የምልሽ እንድትዘናጊ አይደለም፤ ሐይቅ ላይ የወደቅሽው አንቺ ብቻ እንዳይመስልሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልቆጣሽ። ሦስተኛውንም ሃንድአውት ከዳር እስከ ዳር አንብበሽ ከተቀመጥሽ ጽናት አይባልም፤ እልህ ነው። ማንበብና ጥያቄ መሥራት ይለያያሉ። ብሉፕሪንቱን፣ ማለትም ፈተናው የሚሸፍናቸውን ርዕሶች ዝርዝር፣ አውጪና ሞዴል ፈተና በሰዓት ሥሪ። ቢቻል ኮምፒውተር ላይ ይሁን፤ ፈተናው እዚያ ነውና እጅሽም ዓይንሽም ይልመደው። ባዶ ሲሆንብሽ ያን ጥያቄ ዝለይው፣ ቀላሉን ሠርተሽ ተመለሺበት። ይሄም ቢሆን በልምምድ ነው የሚመጣው።

ዋናው ሥራ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የሳትሽውን ሁሉ አንድ ደብተር ላይ ጻፊ። ምሳሌ ልስጥሽ። አንድ ድርጅት ቋሚ ወጪው 60,000 ብር ነው፤ አንዱን ዕቃ በ50 ብር ይሸጣል፤ በአንዱ ላይ 30 ብር ተለዋዋጭ ወጪ አለበት። ትርፍም ኪሳራም እንዳይኖር ስንት መሸጥ አለበት? 60,000ን ለ50 አካፍለሽ 1,200 ካልሽ ስተሻል። ከ50 ላይ 30ው ተቀንሶ ለሚቀረው ለ20 ነው የሚካፈለው፤ መልሱ 3,000 ነው። አሁን ራስሽን ጠይቂ፦ 30ውን መቀነስ እንዳለብሽ አታውቂም ነበር? ታውቂ ነበር ግን ቸኮልሽ? ወይስ ጥያቄውን አጣመምሽው? መጀመሪያው ንባብ ይፈልጋል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ንባብ አያድናቸውም፤ የሚድኑት በሰዓት በመለማመድ ነው። «አልገባኝም» ብለሽ ካለቀስሽበት ስንቱ በችኮላ የሄደ እንደሆነ ስታዪ ትገረሚያለሽ።

የአጎትሽን ነገር ተቀበይ፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ብቻ። የመጋዘን ኪራይና የዘበኛ ደሞዝ ቋሚ ወጪ ነው፤ ጆንያና የወዛደር ሂሳብ በኩንታሉ ልክ ይጨምራል። ያ ከላይ ያየነው ጥያቄ በሥጋው ማለት ነው። የዱቤ ደብተራቸውን ብቻ አስተካክለሽ ብታስረክቢያቸው ዲግሪውን ሳትይዢ ሙያውን ሠርተሽዋል።

ቡናውንስ ለምን ተውሽው? «ልጄ፣ ውጤት እንዴት ሆነ?» እንዳይሉሽ ነው አይደል። ይበሉ! «አራት ነው የቀረኝ፣ ደግሜ እቀመጣለሁ፣ ዱዓ አርጉልኝ» በያቸው። በእኛ በወሎ ቡና ላይ ዱዓ የጠየቀን ሰው ማን ያሳፍራል? ጥያቄው እዚያው ያበቃል፣ ምርቃቱ ይከተላል። በረካው ሳይጠጣም አትነሺ።

የምዝገባውን ማስታወቂያ ከተማርሽበት ዩኒቨርሲቲ ተከታተይ። እስከዚያ አንድ ሞዴል ፈተና ሠርተሽ ስህተቶችሽን በሦስቱ ለይተሽ ላኪልኝ። የትኛው እንደሚበዛ አይተን የጥናቱን ፕሮግራም አብረን እናወጣለን።