ሱሪ በአንገት ሲለካ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ስድስተኛ ክፍል የምትማር ልጅ አለችኝ። ሒሳብ ላይ ንጥጥር የሚለው ምዕራፍ ደርሰዋል። 2 ለ 3፣ 4 ለ 6 እያለች ትሸመድዳለች፤ ምን ማለት ነው ስላት ግን ዝም ነው። አሁን ደግሞ መምህሯ የሰውነታችሁን ክፍሎች ለክታችሁ አወዳድሩ የሚል የቤት ሥራ ሰጥተዋቸዋል። ከየት እንደምንጀምር አላወቅንም። እኔም ከሒሳብ ጋር ከተለያየሁ ስለቆየሁ ቀለል አድርጋችሁ ብታስረዱኝ። (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መምህሯ የሰጡት የቤት ሥራ በጣም ጥሩ ነው። እርስዎም ንጥጥርን ስሙን ሳይጠሩት ሲጠቀሙበት ኖረዋል። ቦንዳ ተራ ሄደው ሱሪ ሲመርጡ ምን ያደርጋሉ? መሞከሪያ ክፍል የለም። ሱሪውን ይቆልፉና ወገቡን ጠፍጣፋ አድርገው አንገትዎ ላይ ይጠመጥሙታል። ሁለቱ ጫፎች ከኋላ ከተገናኙ፣ ልክዎ ነው፣ ይገዙታል። የታጠፈው ወገብ የሙሉው ወገብ ግማሽ ነው። ስለዚህ ብርዎን ያወጡት አንገትና ወገብ 1 ለ 2 ናቸው ብለው አምነው ነው። አንገቱ 38 ሳንቲሜትር የሆነ ሰው ወገቡ 76 አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። ቦርጭ ከመጣ ግን ይሄ አይሠራም፤ ወገብ በጨመረ ልክ አንገት አይጨምርም። ይህንኑ በቤት ሱሪ ለልጅዎ ያሳዩዋት።

አሁን ወደ ቤት ሥራው። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለ ጥሩ፣ ከሌለም ሲባጎና ማስመሪያ ይበቃል። ልጅዎ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ላይ ትደገፍ፤ አናቷ ላይ መጽሐፍ አግድም ያስቀምጡና ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ወረቀት ላይ ቆማ እግሯን ከተረከዝ እስከ ረጅሙ ጣት ይለኩ። ቀጥሎ እሷ እርስዎን ትለካ። ይሄ እንዳይቀር፤ ቢያንስ ሁለት ሰው ካልተለካ ነገሩ አይታይም።

ለምሳሌ እሷ 140 ሳንቲሜትር ሆና እግሯ 21.5 ይሁን። እርስዎ ደግሞ 172፣ እግርዎ 26። መጀመሪያ ትቀንስ፦ የእሷ 118.5፣ የእርስዎ 146 ይመጣል። በጣም የተራራቁ ቁጥሮች ናቸው፣ ምንም የሚነግሩን የለም። አሁን ታካፍል፦ 140 ለ21.5 ሲካፈል 6.5፣ 172 ለ26 ሲካፈል 6.6። አባትና ልጅ በቁመት 32 ሳንቲሜትር እየተበላለጡ እዚህ ጋ ተገናኙ! ንጥጥር ይሄ ነው፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ስንት ጊዜ ይገባል የሚል ጥያቄ። ሳንቲሜትሩ ራሱ ሲካፈል ይጠፋል፣ በኢንች ቢለኩትም መልሱ ያው ነው። ብዙ ልጆች የሚደናገሩት እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ አወዳድሩ ሲባሉ መቀነስ ይቀናቸዋል። ስለዚህ ሁለቱንም ትሥራና ልዩነቱን በዓይኗ ትየው።

ሁለት እጇን ዘርግታ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ብትለካ ደግሞ ከቁመቷ ጋር በጣም ይቀራረባል፣ 1 ለ 1 ማለት ነው። የጤና ባለሙያዎችም ጀርባው የጎበጠን ወይም መቆም የማይችልን ሰው ቁመት በዚህ መንገድ ይገምታሉ።

ክንዷንም፣ ከክርኗ እስከ መሃል ጣቷ ጫፍ፣ በራሷ ስንዝር ትለካ። ሁለት ስንዝር አካባቢ ይመጣላታል፣ ለእርስዎም በእርስዎ ስንዝር እንደዚያው። ጨርቅ በክንድ ሲገዛ የለኪው ክንድ ካጠረ ገዢ ይጎዳል፤ ንጥጥር ግን በማንም ክንድ አይለወጥም። ኦሪት ዘፍጥረት 6፥15 ላይ የኖኅ መርከብ ርዝመቷ 300 ክንድ፣ ወርዷ 50፣ ከፍታዋ 30 ነው። የማን ክንድ ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ርዝመቷ የወርዷ 6 እጥፍ መሆኑ ላይ ግን ክርክር የለም። ልጅዎ ወረቀት ላይ 18 ሳንቲሜትር በ3 ሳንቲሜትር ብታሠምር መርከቧን ከላይ ሆና እንዳየቻት ትሥላታለች።

አንድ ነገር ልጨምር። 1.618 የሚባለው ‹ወርቃማው ንጥጥር› የቆንጆ ሰው መለኪያ ነው እየተባለ ይወራል። ቁጥሩ በሒሳብ ውስጥ እውነተኛና ድንቅ ቁጥር ነው፣ የሰው ውበት ግን በእሱ አይለካም። የልጅዎ ውጤት ከጓደኞቿ ትንሽ ቢለይ ሰውነቷ ላይ ችግር አለ ማለት አይደለም፤ በዚህ ዕድሜ እኮ እግር ከቁመት ቀድሞ ያድጋል። እባክዎ ይህን ሳትጠይቅዎ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ወጣት ነኝ፣ ሥዕል እሞክራለሁ። ሕፃን ስሥል ሁሌ ያጠረ ትልቅ ሰው ይመስልብኛል። ፊቱን ደጋግሜ ባስተካክለውም ያው ነው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ፊቱን ተወው፣ ችግሩ የጭንቅላቱ መጠን ነው። የአዋቂ ሰው ቁመት ከአናት እስከ አገጭ ያለውን ርዝመት 7 ጊዜ ተኩል ገደማ ይይዛል። ሊዮናርዶ ዳቪንቺ በ1490 ገደማ የሣለው፣ እጁንና እግሩን ዘርግቶ ክብና ካሬ ውስጥ የቆመው ሰው የሚከተለው የጥንቱን ሮማዊ የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ የቪትሩቪየስን ልክ ሲሆን በዚያ ጭንቅላት የቁመት 1/8 ነው። አራስ ልጅ ላይ ግን ሩቡ ነው! 50 ሳንቲሜትር ሆኖ ቢወለድ 12 ወይም 13ቱ ጭንቅላት ነው ማለት ነው። የስድስት ዓመት ልጅ ቁመት የጭንቅላቱን 6 እጥፍ አካባቢ ይደርሳል። አንተ የአዋቂውን ልክ ይዘህ አሳንሰህ ስለምትሥል ነው ትልቅ ሰው የሚመስልብህ። ሌላው እግር ነው፤ አራስ ልጅ ላይ የቁመቱ እኩሌታ እምብርት አካባቢ ነው፣ አዋቂ ላይ ወደ ታች ወርዶ ጭኖቹ የሚገናኙበት ጋ ይደርሳል።

ቤታችሁ ወይም ጎረቤት አራስ ካለ እናቱን አስፈቅድና ቁመቱን በሲባጎ ለክተህ ቁረጥ፣ ከዚያ በቀስታ ራሱ ዙሪያ አዙረው። አንዴ ዞሮ ሁለተኛውን ዙር እኩል ሳያደርስ ያልቅብሃል። በራስህ ቁመት የቆረጥከው ሲባጎ ግን ጭንቅላትህን ሦስቴ ያህል ይዞራል።