ባለቤቴ ሞርሞን ሆነ፤ አሁን ደግሞ የልጃችን ተራ ደርሷል

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ዩታ ግዛት፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ባለቤቴ ወሎ ያደገ፣ ሀገር ቤት ሳለ አስተማሪ የነበረ ሰው ነው። እዚህ ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ዕቃ ይጭናል። ሁለት ወጣት ሚስዮናውያን በራችንን ካንኳኩ በኋላ ቀስ በቀስ ወደ ሞርሞኖቹ (ራሳቸውን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተክርስቲያን ወደሚሉት) አዘነበለ፤ ዓምና ተጠመቀ። ያልፍለታል ብዬ ዝም አልኩ፤ እሱ ግን እየጠነከረ ሄደ። ቡና ሲፈላ ተነሥቶ ይወጣል። ከደመወዙ አሥራት እንደሚሰጥ ያወቅሁት ከባንክ ወረቀት ነው። ማተቡን መሳቢያ ውስጥ ተጠቅልሎ አገኘሁት። ሥራውን፣ ልጆቹንና ዘመዶቹን ግን አልተወም። እሑድ እሑድ እዚያ ሕፃናት ያስተምራል። ስለ ኢትዮጵያ ረሃብ ስለ ጾሙበት አንድ ቀን ሲነግሩት አለቀሰ። «እነሱ ጥቁርን ክህነት ይከለክሉ አልነበረም ወይ?» ብለው አልሰማኝም፤ «ካላመንሽ በሰማይ እንለያያለን» አለኝ። ሰሞኑን ደግሞ የሟች አባቴን ሙሉ ስምና የትውልድ ዘመን ጠየቀኝ፤ በቤተ መቅደሳቸው በስሙ ሊጠመቅለት ነው። ትልቋ ልጃችን በቅርቡ ስምንት ዓመት ይሞላታል፤ «ትጠመቅ» ይላል። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና የተነሣች ልጅ! ዘመዶቼ «ጠበል ውሰጂው» ይላሉ፤ ሌሎቹ «ልጆችሽን ይዘሽ ውጪ» ይሉኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ከዘመዶችሽ ልጀምር፤ ሁለቱም ምክሮች አይጠቅሙሽም። ጠበል አምነው የሚሄዱበት ነው። ያላመነ ሰው ተጎትቶ ቢሄድ ይዞ የሚመለሰው ቂም ነው። ልጆች ይዞ መውጣትም ዱላ ወይም ዛቻ ያለበት ቤት መፍትሔ ነው፤ በደብዳቤሽ ውስጥ ግን ሁለቱንም አላየሁም። ባለቤትሽ እንደ ድሮው ይሠራል፣ ይተኛል፣ ከልጆቹ ጋር ይጫወታል፤ ከዘመድ ወዳጅም አልተቆራረጠም። እምነቱን የቀየረ ሰው እንጂ የታመመ ሰው አልጻፍሽልኝም። ከጻፍሽው ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ ገንዘቡን ሳይነግርሽ መስጠቱ ነው፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

ለምን እየጠነከረ ሄደ? የሃይማኖት ለውጥን ያጠናው ሉዊስ ራምቦ ሰው በአንድ ጀምበር እንደማይለወጥ አሳይቷል፤ ፍለጋ፣ መገናኘት፣ መለማመድ፣ መግባት እያለ ለዓመታት የሚሄድ ጉዞ ነው። በዚህ ቤተክርስቲያን ደግሞ ልምምዱ ብዙ ነው። በአጥቢያ ደረጃ ደመወዝተኛ ካህን የላቸውም። «ኤጲስ ቆጶስ» የሚሉት የአጥቢያው ኃላፊ እንኳን በሳምንቱ ቀናት በሌላ ሥራ የራሱን እንጀራ የሚያገኝ ምእመን ነው። ስለዚህ አዲስ ለገባ ሰውም ቶሎ ሥራ ይሰጠዋል። ባለቤትሽ እሑድ እሑድ ሕፃናት እንደሚያስተምር በአንዲት መስመር አልፈሽዋል። እኔ ግን እዚያ መስመር ላይ ቆምኩ። አስተማሪ የነበረ ሰው፣ ለዓመታት ሌሊት ካርቶን ሲያነሳ ኖሮ፣ እንደገና ጠመኔ ያዘ። በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ጾመው ሲሰበሰቡ ተነሥቶ ስለ እምነቱ ይናገራል፣ ሰውም ጸጥ ብሎ ይሰማዋል። እንዲህ ያለ ቦታ ያገኘ ሰው በክርክር አይመለስም።

ሌላም የጻፍሽው ነገር አለ፤ ስለ አንድ የጾም ቀን ሲነግሩት ማልቀሱን። ታሪኩ እውነት ነው። እሑድ ጥር 19 ቀን 1977 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ የዚህ ቤተክርስቲያን አባላት ጾመው፣ የምግባቸውን ገንዘብ ለረሃብተኞች ሰጡ። ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሰበሰበ፤ አብዛኛውም ለኢትዮጵያ ረሃብ ታስቦ ነበር። ባለቤትሽ ያን ጊዜ ወሎ ውስጥ ሕፃን ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ያየውን ለአንቺ ምን ያህል እንደነገረሽ አላውቅም፤ ስለዚያ ዘመን ብዙ የማያወራ የወሎ ሰው ብዙ ነው። የማያውቁኝ ሰዎች ስለ እኔ ተርበው ነበር ብሎ ቢያስብ አትፍረጂበት። ይልቅ ስለዚያ ዓመት ጠይቂው፤ ስለ ሞርሞን ሳይሆን ስለ ወሎ።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። የአንቺ ሐዘን እውነተኛ ሐዘን ነው። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ባለሙያ ሰውየው እያለ የሚጠፋበትን ዓይነት ሐዘን ለረጅም ዘመን አጥንታለች። ለቅሶ የማይቀመጡለት፣ ሰው መጥቶ የማያጽናናበት ሐዘን ነው። ባልሽ ማታ ከጎንሽ አለ፤ በቅዳሴ ከጎንሽ የሚቆመው ሰው ግን የለም። «በአንዲት ጥምቀት እናምናለን» እያልሽ ያደግሽ ሴት፣ ባልሽ ዳግመኛ ተጠመቀ ሲሉሽ የድሮው ጥምቀቱ ብቻ ሳይሆን የጋራ ሕይወታችሁም የተሰረዘ ይመስልሻል። ይህን ለእሱ ነግረሽዋል? ከደብዳቤሽ እንደገባኝ የነገርሽው «እነሱ ጥቁርን ክህነት ይከለክሉ አልነበረም ወይ?» የሚለውን ነው። እርግጥ እስከ ሰኔ 1978 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጥቁር ወንዶች ክህነት አይሰጣቸውም ነበር፤ በዚያው አቆጣጠር በ2013 ቤተክርስቲያኒቱ ራሷ ቀድሞ ይሰጡ የነበሩትን ምክንያቶች እንደማትቀበል ጽፋለች። ባለቤትሽ ይህን አያውቅም ብለሽ አታስቢ። እንዴት አድርጎ ከራሱ ጋር እንዳስታረቀው ከልብሽ ማወቅ ከፈለግሽ ጠይቂው፤ ለመርታት ከሆነ ግን ተዪው።

ከዚህ በኋላ ነገሮቹን መለየት አለብሽ፤ ሁሉንም በአንድ ጆንያ ከትተሽ ነው የተሸከምሽው።

ቡናው የእሱ ነው። ቡናና ሻይ፣ አልኮልና ትምባሆ የተከለከሉት መሥራቹ ጆሴፍ ስሚዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1833 ተገለጠልኝ ባለው «የጥበብ ቃል» በሚሉት ትእዛዝ ነው። ወደ ቤተ መቅደስ ለመግባት ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ይህን መጠበቁንና አሥራቱን ማውጣቱን በቃለ መጠይቅ ይጠየቃል። አዋቂ ሰው የራሱን የቤተ መቅደስ ሥርዓት የሚፈጽመው ከገባ ቢያንስ አንድ ዓመት ቆይቶ ስለሆነ፣ ሁሉ ነገር አሁን የተጣደፈብሽ በዚህ ምክንያት ይመስለኛል። ስለዚህ ሲኒውን መተዉ ከአንቺ መሸሽ አይደለም። ተነሥቶ መውጣቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የተከለከለው መጠጣት ነው እንጂ መቀመጥ አይደለም። ጦስኝ አፍዪለትና «ከአቦል እስከ በረካ አብረኸኝ ተቀመጥ» በዪው። በምላሹ እሱም በዐቢይ ጾም ቤት ውስጥ ሥጋ እንዳይጠብስ ጠይቂው፤ ይህ ከእምነቱ ጋር አይጣላም።

ገንዘቡ የሁለታችሁ ነው። አሥራት ለአንቺም እንግዳ ትምህርት አይደለም፤ ቅሬታሽ ሳትሰሚ መውጣቱ ላይ ነው። እዚህ ላይ ጠንክሪ። የቤት ኪራይ፣ የልጆች ወጪ፣ ሀገር ቤት ለእናቶቻችሁ የሚላከው ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ከዚያ እሱ ከራሱ ድርሻ፣ አንቺም ለቤተክርስቲያንሽ ከራስሽ ድርሻ ትሰጣላችሁ። እምነቱን አከብራለሁ፣ የባንክ ወረቀት ግን ከእንግዲህ አብረን እናያለን በዪው።

የአባትሽ ስም የእሱ አይደለም። ይህን ያነሣው በንቀት እንዳልሆነ እወቂ፤ በእነሱ ትምህርት ሙታን ስጦታውን የመቀበልም ያለመቀበልም ምርጫ አላቸው፣ ስለዚህ ለአማቱ ውለታ የዋለ ይመስለዋል። ለአንቺ ግን አባትሽ ፍትሐት ተደርጎለት፣ ተዝካሩ ወጥቶ ያረፈ ሰው ነው። የቤተክርስቲያኒቱ መመሪያ ራሱ፣ ባለፉት 110 ዓመታት ውስጥ ለተወለደ ሟች ከቅርብ ዘመዱ ፈቃድ መጠየቅ እንዳለበት ይናገራል። እናትሽ በሕይወት ካለች ቀዳሚዋ እሷ ናት። ስለዚህ «አይሆንም» ብትሉ የእሱንም ሥርዓት እያስከበራችሁ ነው።

«ካላመንሽ በሰማይ እንለያያለን» ማለቱንም ጽፈሻል። ባልና ሚስት ለዘላለም የሚታሰሩበት ሥርዓት አላቸው፤ ሁለቱም አባል ሆነው በቤተ መቅደስ ሲፈጽሙት ነው። እሱ ፍቅሩን እየነገረሽ ይመስለዋል፤ አንቺ የምትሰሚው ማስፈራሪያ ነው። ይህን ልዩነት በግልጽ ንገሪው። ሁለተኛ እንዳይደግመውም መጠየቅ መብትሽ ነው። በቁርባን ተጋብታችሁ ከሆነ ግን የጋብቻው ነገር ለንስሐ አባትሽ የሚቀርብ ጥያቄ ነው፤ እኔ አልገባበትም።

ልጅቷ ግን የማንኛችሁም ብቻ አይደለችም። በእነሱ ዘንድ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ኃጢአት የለበትምና አይጠመቅም፤ ስምንት ሲሞላ ተጠያቂ ይሆናል። በአንቺ ዘንድ ደግሞ በሰማንያ ቀኗ ተጠምቃ፣ ሜሮን ተቀብታ፣ ቆርባ አልቋል። እዚህ ላይ ሁለቱን የሚያስታርቅ መካከለኛ ትምህርት የለም፤ ያለው ጊዜ ነው። ስምንት ዓመት መጀመሪያው እንጂ መጨረሻው አይደለም። አድጋ፣ አንብባ፣ በአሥራ ስምንት ዓመቷ ብትመርጠውም ጥምቀቱን ይቀበሏታል። ለአካለ መጠን ያልደረሰ ልጅ ያለ አሳዳጊ ወላጅ ፈቃድ እንደማይጠመቅም ቤተክርስቲያኒቱ ደንብ አላት። እንግዲህ የምትጠይቂው መተውን ሳይሆን ማቆየትን ነው። ልዋጭም አዘጋጂ፦ አንዳንድ እሑድ ከአባቷ ጋር ሄዳ ሲያስተምር ትየው። ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን በድብቅ ከምትሄድ በእጅሽ ይዘሽ ብትልኪያት ይሻላል። እሱም ወደ ቅዳሴ ስትወስጃት አፉን ይሰብስብ።

ሁለታችሁም ማድረግ የሌለባችሁ አንድ ነገር አለ። በመኪና ውስጥ «የማን ቤተክርስቲያን ይሻልሻል?» ብላችሁ አትጠይቋት። የስምንት ዓመት ልጅ ይህን ጥያቄ የምትሰማው «ከእኔና ከእናትሽ ማንን ትወጃለሽ?» ተብሎ ነው፤ ለጠየቃት ሁሉ የሚፈልገውን መልስ ትሰጣለች፤ ከዚያ ሌሊት ትባንናለች። እሷ ራሷ «አባዬ ለምን እዚያ ይሄዳል?» ካለችሽ «እዚያ እግዚአብሔርን እንዳገኘ ይናገራል፤ እኔ ደግሞ እዚህ አገኘሁት» ብለሽ መልሺላት። አባቷን አታሳንሺባት።

ማተቡን በተመለከተ ደግሞ፦ ተጠቅልሎ ተቀምጧል እንጂ አልተጣለም። ምን ማለቱ እንደሆነ አልተረጉምልሽም፤ አንቺም አትተርጉሚ፣ በሌለበትም መሳቢያውን አትበርብሪ።

ንግግሩን ሌሊት ሠርቶ በገባበት ጠዋት አትጀምሪው፤ የዕረፍት ቀኑን ጠብቂ፤ ልጆቹም ቤት አይኑሩ። በመጀመሪያ የልጅቷን ጉዳይ አንሺ፣ ቀኑ የቀረበው እሱ ነውና። ከዚያ ገንዘቡን። ቡናው ይቆይ። ስለ ልጅቷ ካልተስማማችሁ ኃላፊያቸውን ሁለታችሁም አብራችሁ ሄዳችሁ አነጋግሩት፤ ፈቃድ እንዳልሰጠሽ ከአንቺ አፍ ይስማ። ያም ካልሠራ፣ ከሁለታችሁም ቤተክርስቲያን ያልሆነ የባልና ሚስት አማካሪ እዚያው ከተማችሁ ፈልጉ። አስቀድመሽ ግን ዛሬ ወደ እናትሽ ደውዪና ስለ አባትሽ ስም የተጠየቅሽውን ንገሪያት፤ ከሌላ ሰው መስማት የለባትም።